ደማምና ኾባር፦ የከተማ ዕድገትና ደባሉ ወዛደር

በጥናት ክበቦቻችን ስለ ከተማ ጉዳይ ውይይት በተነሣ ቁጥር ምሳሌው የሚመጣው ከፓሪስ ወይም ከማንቸስተር ነው። ኤንግልስ በ1872 ስለ መኖሪያ ቤት ጥያቄ የጻፋቸውን መጣጥፎች አንብበናል፤ የኦስማን ሰፋፊ ጎዳናዎች የፓሪስን ወዛደር ከመሐል ከተማ እንዴት ገፍተው እንዳስወጡትም ተከራክረናል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጉልበታቸውን የሚሸጡት በሪያድ፣ በጅዳ፣ በደማምና በኾባር ነው። ከእኛ መካከልም የአውሮፕላን ቲኬቱ ወይም የመጀመሪያው ወር የቤት ኪራዩ በእኅት የሳውዲ ደመወዝ የተሸፈነለት ተማሪ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ እነዚህን ከተሞች ማጥናት ዕዳም ጭምር ነው።

በዚህ ጽሑፍ ከሳውዲ ዐረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት ሁለቱን ጎረቤት ከተሞች እንመለከታለን። የመረጥናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌሎች ከተሞች በመቶ ዓመታት የተጓዙትን መንገድ ደማምና ኾባር በአንድ ሰው ዕድሜ ጨርሰውታል፤ ስለሆነም የከተማ ዕድገት ለማን እንደሚሠራና በማን ትከሻ ላይ እንደሚቆም እዚያ ሳይሸፋፈን ይታያል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሆነውን ዓ.ም. ብለን ለይተናል።)

አጥሩ ከከተማው በፊት ነበር

በ1923 ከባሕሬን የተሻገሩ የዳዋሲር ጎሣ ሰዎች፣ በኋላ የሳውዲ ንጉሥ በሆነው በዐብዱል ዐዚዝ ፈቃድ በዚህ የባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ሰፈሩ። ኑሯቸው ዓሣ ማጥመድና ከባሕር ዕንቁ ማውጣት ነበር። ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1933፣ የካሊፎርንያው ስታንዳርድ ኦይል ኩባንያ ዘይት የመፈለግ መብት ከንጉሡ ገዛ። በመጋቢት 1938 ደማም ቁጥር 7 የተባለው ጉድጓድ ለገበያ የሚበቃ ዘይት ሰጠ። በ1939 የመጀመሪያው የዘይት መርከብ ከራስ ተኑራ ተነሣ፤ በ1944 ኩባንያው አራምኮ ተባለ፤ በሚቀጥለው ዓመት የራስ ተኑራ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ።

ከተማ ገና ሳይኖር አጥር ነበር። በዳህራን ኮረብታ ላይ የአሜሪካኖቹ ቅጥር ግቢ የሣር ሜዳ፣ ሲኒማ፣ ማቀዝቀዣ ያለው ቤት ነበረው። ዘይቱን የሚቆፍረው ሳውዲ ሠራተኛ ግን ከአጥሩ ውጭ ከዘንባባ ዝንጣፊ በተሠራ ጎጆ ያድር ነበር። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሌሎች ሰፈሮች ነበሩ፤ በዘርና በዜግነት የተደለደሉ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ማጣሪያውን ለመሥራት በ1944 አራምኮ የእጅ ባለሙያዎችን ያመጣው ከአሥመራ ነበር፤ ከኤርትራ ጣልያኖች መካከል። ትናንት በቀይ ባሕር ምዕራብ ቅኝ ገዥ የነበረው ጣልያን፣ ጦርነቱን ከተሸነፈ በኋላ በባሕረ ሰላጤው ዳር በተለየ ካምፕ፣ ከአሜሪካዊው በታች ከሳውዲው በላይ ተደርጎ ሰፈረ። የዘር ደረጃ ከተፈጥሮ የመጣ ነው ለሚል ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ አናውቅም። ደረጃው የሚወሰነው ማን ለማን በምን ዋጋ ይሠራል በሚለው ነው።

ሳውዲው ሠራተኛ ይህን ዝም ብሎ አልተቀበለም። በ1945 የመጀመሪያዎቹ አድማዎች ተነሡ። በጥቅምት 1953፣ የሠራተኞቹ ተወካዮች በታሰሩ ጊዜ፣ 13 ሺህ ያህል ሰው ሥራ አቆመ። ጥያቄዎቹን ልብ ብሎ ላየ ሰው ከደመወዝ ጋር የከተማ ጥያቄዎች ነበሩ፦ መኖሪያ ቤት፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ወደ ሥራ የሚያደርስ መኪና፣ ማኅበር የማቋቋም መብት። ወታደር ወጣ፤ መሪዎቹ ተጋዙ፤ ደመወዝ ግን ተጨመረ። በ1956 ዳግም ተነሡ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ የወጣ የንጉሥ ዐዋጅ አድማን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገው። ከ1953 መሪዎች አንዱ የነበረው ናስር አል ሰዒድ በ1979 ከቤይሩት ታፍኖ ተወስዶ እስከ ዛሬ አልታየም።

የኩባንያው መልስ ከወታደሩ የበለጠ ብልጠት ነበረው። አራምኮ ከ1951 ጀምሮ ለሳውዲ ሠራተኞቹ የቤት መሥሪያ ብድር መስጠት ጀመረ፤ የኩባንያው መሐንዲሶችም የደማምንና የኾባርን መንገዶች እንደ ቼዝ ሰሌዳ በአራት ማዕዘን አሰመሩ። አንዳንድ ጓዶች ይህን «ማታለያ» ብለው ብቻ ያልፉታል። እኛ አንስማማም። ከዘንባባ ጎጆ ወደ ሲሚንቶ ቤት መግባት ለሠራተኛው ትልቅ ነገር ነበር፤ የተገኘውም በትግል ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው ባለ ዕዳ፣ ባለ ርስት፣ ቆይቶም አከራይ ሆነ። አዲሱ ወዛደር ከሌላ አገር ሲመጣ የሚያገኘው የቀድሞውን አድመኛ በአከራይነት ነበር።

ቪላውና የአገልጋይዋ ክፍል

በ1973 የዘይት ዋጋ ሲያሻቅብ ሁሉ ነገር ተፋጠነ። ወደቡ ሰፋ፣ ባሕሩ በአፈር እየተሞላ ኮርኒሽ ሆነ፣ በሰሜን በኩል በጁበይል ከምንም ተነሥቶ የኢንዱስትሪ ከተማ ይገነባ ጀመር። ሠራተኛው ከኮሪያ፣ ከፓኪስታን፣ ከሕንድ፣ ከየመን፣ ከፊሊፒንስ መጣ። በ1977 የጁበይልን ወደብ የሚሠሩት የኮሪያ ሠራተኞች በቁጣ ተነሥተው ነበር። መንግሥትና ኩባንያዎች ከዚህ ዐይነቱ ነገር የተማሩት ሠራተኛን ከከተማ አርቆ በካምፕ ማስፈርን፣ በአጭር ኮንትራት ማስገባትንና ፈጥኖ መመለስን ነው።

ለዜጋው ደግሞ በ1974 የቤት መሥሪያ ፈንድ ተቋቋመ፤ እስከ 300 ሺህ ሪያል ያለ ወለድ ያበድር ነበር። በዚህ ገንዘብ የተሠራው ቤት ቪላ ነው፦ ረጅም አጥር፣ የወንዶችና የሴቶች እንግዳ መቀበያ ለየብቻ፣ ብዙ ክፍል። መንግሥት በኾባር የሠራቸው ረጃጅም ፎቆች ግን ከ1979 ጀምሮ ባዶአቸውን ቆሙ፤ የሞሉት በ1990 ጦርነት ጊዜ በመጡ የውጭ ወታደሮች ነበር። በሰኔ 1996 ቦምብ የፈነዳባቸውና 19 የአሜሪካ ወታደሮች የሞቱባቸው የኾባር ታወርስ እነዚሁ ናቸው። የተራበ ባለበት እንጀራ ሲሻግት እንደማየት ነው፤ ሠራተኛው በካምፕ ተጨናንቆ ሳለ ፎቁ 10 ዓመት ሙሉ ሰው ሳይገባበት ኖረ።

አሁን ቪላውን ጠጋ ብለን እንመልከት፤ የጽሑፋችን ዋና ነገር እዚህ ነው። 6 ወይም 8 ክፍል ያለውን ቤት ማን ያጥበዋል? ማን ይቀቅላል? ሴት መኪና እንዳትነዳ እስከ ሰኔ 2018 ድረስ በተከለከለበት አገር ልጆችን ትምህርት ቤት ማን ያደርሳል? የቤቱ ንድፍ መልሱን አስቀድሞ ይዞታል። በጓሮ ወይም በሰገነት ላይ የአገልጋይዋ ጠባብ ክፍል አለች፤ በበሩ አጠገብ የሾፌሩ ክፍል አለ። ስለሆነም የዚህ ከተማ ወዛደር ትልቁ ክፍል በሰፈር አይገኝም፤ በየግቢው ተበትኖ በሌላ ሰው ቤት ውስጥ ይኖራል።

ከወሎ፣ ከአርሲ ወይም ከጅማ በኮንትራት የሄደች እኅታችን የምትገባው ወደዚህ ክፍል ነው። ለእሷ መኖሪያ ቤትና የሥራ ቦታ አንድ ናቸው። ከሥራ መውጣት ማለት ከቤት መውጣት፣ ከቤት መውጣትም ከአገሩ መባረር ማለት ነው፤ ኢቃማዋ በከፊሉ ስም የታሰረ ነውና። ሳታስፈቅድ ብትወጣ ከፊሉ «ጠፍታለች» ብሎ ሁሩብ ያስመዘግባል፤ ሕገ ወጥም ልትሆን ትችላለች። በ2005 የወጣው የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኞችን አያካትትም። በ2013 የወጣላቸው የተለየ ደንብ በቀን 9 ሰዓት ዕረፍት ይል ነበር፤ ይህም ሲገለበጥ 15 ሰዓት ማሠራት ይቻል ነበር ማለት ነው። በመጋቢት 2021 አሠሪ ለመቀየር የሚያስችል ማሻሻያ ተደረገ ተብሎ በዓለም ሁሉ ሲነገር የቤት ሠራተኞች፣ ሾፌሮች፣ አትክልተኞችና እረኞች አሁንም ከውጭ ቀሩ። በሳውዲ ካለው የኢትዮጵያ ተወላጅ አብዛኛው የሚሠራው በእነዚህ ሥራዎች ነው።

በክበቦቻችን ውስጥ የቤት ሠራተኛ ከወዛደሩ መደብ ትቆጠራለች አትቆጠርም የሚል ክርክር ስንት ምሽት እንደበላ እናውቃለን። ፋብሪካ ስለሌለ መደብ የለም የሚለው አስተሳሰብ ለእኛ አይዋጥልንም። የዘይት መሐንዲሱ በጧት ተነሥቶ ዳህራን የሚደርሰው ሸሚዙ ስለተተኮሰ፣ ልጁ ስለታጠበና ምሳው ስለተሰናዳ ነው። የዚያ ሁሉ ዋጋ በርሜሉ ላይ አይጻፍም እንጂ በበርሜሉ ውስጥ አለ። ጥያቄው ብዙዎቹ ለየብቻ ተዘግተው ስለሚኖሩ እንዴት ይገናኛሉ የሚለው ነው፤ የ1953 ሠራተኛ ቢያንስ አብሮት የሚያድር ጓድ ነበረው።

ደባል

በአገራችን ቋንቋ ለዚህ ሁኔታ የሚስማማ ቃል አለን። ቤቱን ያከራየው አለ፤ በስሙ የተከራየው አለ፤ በተከራዩ ቤት ተጠግቶ የሚኖር ደግሞ ደባል ይባላል። ደባል ኪራይ ይከፍላል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ዕድር ይገባል፤ በመዝገብ ላይ ግን ስሙ የለም። በደማምና በኾባር የውጭ ሠራተኛ ሁሉ፣ 30 ዓመት የኖረውም ጭምር፣ በከተማው ደባል ነው። በ2022 የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በመላው ሳውዲ 13.4 ሚሊዮን ሰው፣ ማለትም ከመቶ 42 ያህሉ፣ የውጭ ዜጋ ነው።

ደባልነት በሰፈር መልክ የሚታይበት ቦታ አለ። ሳውዲው ባለ ቤት ወደ አዳዲሶቹ የቪላ ሰፈሮች ሲሄድ አሮጌዎቹ የመሐል ከተማ ቤቶች ለውጭ ሠራተኛ ተለቀቁ። በኾባር ሱቅባ የሚባለው ሰፈር፣ በደማም ደግሞ ሴይኮ በሚባለው ሕንፃ ዙሪያ ያለው የመሐል ገበያ የዚህ ምሳሌ ናቸው። ዐርብ ማታ ሴይኮ አካባቢ የሚሰበሰበው የኬረላ፣ የባንግላዴሽና የሌላውም አገር ሰው ብዛት ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ያስደንቀዋል። አንድ ክፍል በአልጋ ተከፋፍሎ ይከራያል፤ ደብዳቤ፣ ሐዋላ፣ የሥራ ወሬ፣ ዕዳ ሁሉ እዚያ ይለዋወጣል። በካምፕና በቪላ የተበታተነው ወዛደር የሚገናኝበት ቦታ ይኸው ነው። «ማደስ» የሚባለው ዕቅድ ሁልጊዜ ዐይኑን የሚጥለው እንዲህ ባለው ቦታ ላይ መሆኑን ማንም የከተማ ጥናት ተማሪ ያውቃል።

ይሁን እንጂ በባሕረ ሰላጤው ከተሞች ሰውን ከሰፈሩ ለማንሣት ቡልዶዘር የግድ አያስፈልግም። በሐምሌ 2017 ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል ክፍያ ተጣለ፤ ክፍያው በየዓመቱ 100 እየተጨመረበት በ2020 ወደ 400 ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሠራተኛ በወር 1600 ሪያል ይክፈል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን ሸጦ ሄደ፤ አባወራው ብቻውን ወደ አልጋ ኪራይ ተመለሰ። ግድግዳ አልፈረሰም፤ ሰፈሩ ግን ሕፃናቱን አጣ። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የደማም ሁለተኛው የኢንዱስትሪ ከተማ በሩ ተዘግቶበት ሲቀመጥ፣ በአንድ ክፍል የታጨቀ ሠራተኛ የበሽታ ማራቢያ መሆኑ ድንገት ለሁሉም ታወቀ፤ ሠራተኛው ግን ከዚያ በፊትም ያውቀው ነበር።

በዚሁ ጊዜ በከተሞቹ መካከል ሰፋፊ ባዶ መሬት ታጥሮ ዋጋው እስኪወጣ ይጠብቃል። መንግሥቱ ራሱ ችግሩን አምኖ በ2016 በሪያድ፣ በጅዳና በደማም አካባቢ «ነጭ መሬት» በተባለው ላይ ከዋጋው ከመቶ 2.5 ቀረጥ ጥሎ ነበር። በመሬት ለሚነግድ ሰው ጠፍ መሬት ከሚሠራ ሰው የበለጠ ያተርፋል። ይህን ለመረዳት ወደ ሳውዲ መሄድ አያስፈልግም፤ ኮምቦልቻና ደሴ የሳውዲ ገንዘብ የመሬት ዋጋን ምን እንዳደረገው የሚያውቅ አንባቢ ሞልቷል። እኅት በኾባር ቪላ ጓሮ እያደረች የላከችው ሪያል በወሎ የቦታ ዋጋ ያንራል፤ ስትመለስ ቦታውን መግዛት ያቅታታል።

ቡልዶዘሩ ሲመጣ

ቡልዶዘርም ይመጣል። ከደማም በስተ ሰሜን በቀጢፍ አውራጃ፣ አዋሚያ በምትባለው ከተማ፣ አል ሙሰወራ የተባለው የብዙ መቶ ዓመት ዕድሜ ያለው ሰፈር በ2017 ፈረሰ። መንግሥት ምክንያቱን ልማትና ጸጥታ አለው፤ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ደግሞ ማፍረሱን በይፋ ተቃወሙ። የዚያ ሰፈር ነዋሪዎች ዜጎች ነበሩ፤ ሺዓ መሆናቸው ግን በገዛ አገራቸው ደባል አድርጓቸዋል።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ጅዳ ነው። ከጥቅምት 2021 ጀምሮ ከ60 በላይ ሰፈሮች ለማፍረስ ተመደቡ፤ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ተነካ። የሰብአዊ መብት ድርጅቶች እንዳጣሩት ከተነሺዎቹ ግማሽ ያህሉ የውጭ ዜጎች ሲሆኑ የካሳው ዕቅድ እነሱን አይመለከትም ነበር። ከዚያ በፊት በኅዳር 2013 በሪያድ መንፉሓ ሰፈር በወገኖቻችን ላይ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፤ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተባረሩ። በመጋቢት 2017 የታወጀው «ከሕገ ወጥ የጸዳች አገር» ዘመቻ ደግሞ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ከ200 ሺህ በላይ ሰው መለሰ። ማባረርና ማፍረስ ለየብቻ የሚጠኑ ነገሮች ይመስላሉ፤ አንድ ሰፈር ሰውን በማባረር ሲዳከም ለማፍረስ እንደሚቀል ግን ከጅዳ ታይቷል።

አንዳንድ ጓዶች እዚህ ሲደርሱ «ይህ የዐረብ ነገር ነው» ብለው ይደመድማሉ። እንዲህ ማለት ለዘረኝነት በር መክፈት ነው፤ የአዲስ አበባንም ነገር ያስረሳል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የሕዝብ ሲያደርግ የከተማው ድኻ በቀበሌ ቤት በትንሽ ኪራይ የመኖር ዋስትና አገኘ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማት ሲፈርስ የቀበሌ ቤት ተከራይ ለሆኑት ብዙዎች ምትክ ቤት በከተማው ዳር ተሰጣቸው፤ ከገበያቸው፣ ከዕድራቸው፣ ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት ግን ተለያዩ። በእነሱ ቤት ደባል የነበረው ጫማ ጠራጊ፣ ሻይ ሻጭ፣ ተሸካሚ ምን አገኘ? በመዝገብ ላይ ስሙ የለም። ልዩነቱን አንሸሽግም፤ የፒያሳው ደባል በማግስቱ ኢቃማው ተነጥቆ በአውሮፕላን አይጫንም። ነገር ግን ካሳ የሚከፈለው ለይዞታ እንጂ ለኖረ ሰው አይደለም የሚለው ሕግ በሁለቱም አገር አንድ ነው።

ሌላው ስሕተት ከወዲያ በኩል ነው። «ዕድገቱ ለሠራተኛው እንጀራ ሰጥቶታል፤ ካልጠቀመው ለምን ይሄዳል?» የሚሉ አሉ። ይሄዳል፤ በአገሩ መሬትም ሥራም ስላጣ ይሄዳል። በታኅሣሥ 2024 ሳውዲ የ2034 የዓለም ዋንጫ አዘጋጅ ተባለች፤ ከስታዲየሞቹ አንዱ በኾባር እየተሠራ ሳለ በመጋቢት 2025 አንድ የፓኪስታን ሠራተኛ ከከፍታ ወድቆ ሞተ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በፀሐይ ማሠራት የተከለከለ ነው፤ የባሕረ ሰላጤውን ዳርቻ ወበቅ የሚያውቅ ሰው ግን ሙቀቱ በ9 ሰዓት እንደማይበርድ ያውቃል። ይህን የሚያሳስብ የሠራተኛ ማኅበር የለም፤ የ1953 ጥያቄ እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ክበቦቻችን በሚቀጥሉት ስብሰባዎች እንዲወያዩባቸው የምንፈልጋቸው ነጥቦች አሉ። የሳውዲው ዜጋ ሠራተኛና የውጭው ሠራተኛ የጋራ ጥያቄ ሊኖራቸው ይችላል ወይስ የቤት ብድሩ ለዘለቄታው ለያያቸው? በየቪላው የተዘጉ ሴቶች በስልክ ብቻ በሚገናኙበት ዘመን ማኅበር ምን መልክ ይኖረዋል? አዲስ አበባ ውስጥ ደባልን የሚያውቅ የካሳ ሕግ እንዴት ይጻፍ?

ከሳውዲ የተመለሱ ወገኖችን ምስክርነት መመዝገብ የጀመሩ ክበቦች እንዳሉ ሰምተን ደስ ብሎናል። አንድ ነገር ግን አደራ እንላለን። የምትናገረው ሰው ስም፣ የአሠሪዋ ስም፣ የኢቃማ ቁጥርና የቤቱ አድራሻ በማስታወሻ ላይ አይጻፍ፤ ድምፅም ያለ ፈቃዷ አይቀዳ። እኅቷ ገና እዚያው ትሠራ ይሆናል። ይልቅ ስለ ክፍሉ ጠይቁ፦ ስፋቱ ስንት ክንድ ነበር፣ መስኮት ነበረው ወይ፣ በሩ በማን በኩል ይቆለፍ ነበር፣ ዐርብ ዕለት መውጣት ይቻል ነበር ወይ። የተሰበሰበውን ለዝግጅት ክፍሉ ያደረሰ ክበብ በሚቀጥለው እትም ቦታ ይሰጠዋል።